በላስቲክ የጠቀለልኩት መከላከያ

ከጎረቤላ ወደ ታች ባለው ሰፈራችን ጉም ሲወርድ ዓይን ሥራ ያቆማል፤ ጆሮ ግን ይበረታል። ጠዋት ጠዋት ከማዶው ጋራ የሞተር መጋዝ ሲነሳ ድምፁ ጉሙን አቋርጦ መጥቶ ደጃችን ላይ የሚቆም ይመስለኛል። ማን እንደሚቆርጥ አይታይም። መጋዙ የየትኛው ሱቅ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ እንደ ማሳል ይላል፣ ከዚያ ቀጥኖ ይወጣል፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይወፍራል። የወንድሜም መጋዝ እንዲሁ ነበር። ከአንድ ሱቅ የወጡ፣ አንድ ቀለም የተቀቡ፣ አንድ ማርክ የተለጠፈባቸው ናቸውና የሁሉም ድምፅ አንድ ነው።

ወንድሜ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፏል። ድምፁ ሲመጣ ሚስቱ እስከ ዛሬ የያዘችውን ነገር ትታ ቀና ትላለች። ለአፍታ ነው። ከዚያ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኔ እንዳላየ እሆናለሁ። እሷም እንዳላየሁ የምታምን ትመስላለች።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር። ከመጋዙ ልጀምር።

ወንድሜ በአሥር ዓመት ይበልጠኝ ነበር። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። እሱ ከአራተኛ ክፍል አቁሞ እኔን እስከ አሥራ ሁለተኛ አስተማረኝ። ሥራው ባሕር ዛፍ መቁረጥ ነበር። ነጋዴው ከገበሬው ላይ የቆመ ዛፍ ይገዛል፤ ወንድሜ ይቆርጣል፤ አጣናውና ግንዱ ተለይቶ መንገድ ዳር ይከመራል፤ መኪና መጥቶ ይጭነዋል። እኔ ትምህርቴን ስጨርስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም፤ ስለዚህ አብሬው ገባሁ። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እመለምላለሁ፣ እለካለሁ፣ ከነጋዴው ጋር እነጋገራለሁ። "ተማሪው" ይለኝ ነበር። ሲቆጣም "ተማሪው"፣ ሲደሰትም "ተማሪው"።

ሌላም የሚታወቅበት ነገር ነበረው። ዕቃ መምረጥ ይችላል ይባልለት ነበር። የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚገዛ፣ ጄኔሬተር የሚገዛ፣ መጋዝ የሚገዛ ሰው ከመዘዞ ድረስ መጥቶ ይዞት ደብረ ብርሃን ይሄዳል። እኔም ብዙ ጊዜ አብሬ ሄጃለሁ። ሱቅ ሲገባ ማሽኑን አያይም። ዞር ብሎ እንኳ አያየውም።

"መጀመሪያ መለዋወጫውን አሳየኝ" ይላል።

"ማሽኑን ሳታይ?"

"ማሽኑ የትም አይሄድም።"

ከትንሿ ዕቃ ነው የሚጀምረው። ትልቁን ዕቃ ሁሉም ያመጣል፣ ሥራ የምታስፈታህ ትንሿ ናት ይል ነበር። መለዋወጫው ካለ ወደ ማሽኑ ይዞራል። አንስቶ በአንድ እጁ ያንጠለጥለዋል፤ ወዴት እንደሚያዘነብል ያያል። አንድ ብሎን ይፈታና መልሶ ያስራል፤ ብሎኑ ሲመለስ ከተንገራገጨ ማሽኑን ያስቀምጠዋል። ማጥፊያውን አጥፍቶ የማስነሻውን ገመድ ቀስ አድርጎ ይስባል፤ ውስጡ ያለው አየር እጁን ምን ያህል መልሶ እንደሚገፋው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ዋጋ የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። "ዋጋውን ቀድመህ ከሰማህ ዓይንህ ይበላሻል" ይለኝ ነበር።

ዓይኔ የተበላሸው እንደዚያ ነው። እኔ ዋጋውን ቀድሜ ሰማሁ።

አሮጌው መጋዛችን ኦርጅናል ነበር። ስምንት ዓመት ሠርቶ ፒስተኑ ተፋቀ። አምሳያውን ልንገዛ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ዋጋው የማንቀርበው ሆኖ ጠበቀን። ከሱቁ ወጥተን ጥቂት እንደተራመድን ከአስፋልቱ ማዶ አንድ ሰፊ ሱቅ አየን። ውስጡ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጄኔሬተሩ፣ የውሃ መሳቢያው፣ የመድኃኒት መርጫው፣ የሳር ማጨጃው፣ መጋዙ። ባለሱቁ ከውጭ ያስመጣና የራሱን ማርክ ይለጥፍበታል። ወንድሜ ገና በሩ ላይ ሳለ እኔ የመጋዙን ዋጋ ጠየቅሁ። የኦርጅናሉን ግማሽ አይሞላም።

"መለዋወጫ?" አለ ወንድሜ።

"ሁሉም አለ፣ ወንድሜ" አለ ባለሱቁ።

"ሁሉም የሚባል ዕቃ አላውቅም። ሰንሰለት?"

"አለ።"

"ሰንሰለቱ የሚዞርበት ላማ? ካንዴላ? የማስነሻ ገመድ?"

ባለሱቁ እያወጣ ባንኮኒው ላይ ደረደረ።

"የቤንዚኑ ክዳን?"

"ክዳን ደግሞ ምን ይሆናል?"

"ይወድቃል። አገራችን ገደል ነው፤ የወደቀ ዕቃ አይለቀምም።"

ባለሱቁ ሳቀና ክዳን ፈልጎ አመጣ። ከዚያ ወንድሜ ከፊተኛው እጀታ ፊት የቆመችውን ጥቁር የፕላስቲክ መከላከያ በጣቱ መታ መታ አደረጋት።

"ይቺስ?"

"እሷ ለጊዜው የለችም። በሚቀጥለው ጭነት ትመጣለች።"

"እንግዲያው ስትመጣ እንመጣለን" ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ያስቆምኩት እኔ ነኝ። "ጋሼ፣ ለአንዲት ፕላስቲክ ብለህ?" አልኩት። የዋስትናውን ወረቀት አነበብኩለት። የሞተሩን ጉልበት ከአሮጌው ጋር አወዳድሬ ነገርኩት። በተረፈው ገንዘብ ትርፍ ሰንሰለትና አንድ የውሃ መሳቢያ እንደምንገዛ አስረዳሁት። እያወራሁ ሳለ እሱ ገመዱን ቀስ አድርጎ ሳበ፣ ዓይኑን ጨፈነ። "ሞተሩስ ደህና ነው" አለ። እውነቱን ነበር። ማሽኑን ዛሬም አልሰድበውም። ሰንሰለቱ ቶሎ ይረግባል፣ በክዳኑ ዙሪያ ቤንዚን ያወጣል፣ ብርድ ሲሆን ለመነሳት ያስቸግራል። ሞተሩ ግን ደህና ነው። ለዋጋው ከደህናም በላይ ነው።

ገዛነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ የመዘዞ ቆራጭ ነገር ይዞ መጣ። ያው አረንጓዴ መጋዝ ነበረው። ከጭነት ላይ ወድቆበት መከላከያዋ ተሰበረች። ስትሰበር ደግሞ ወደፊት እንደተገፋች ነበርና ሰንሰለቱ እንደተያዘ ቀረ። አይዞርም። ለመለዋወጫው ደብረ ብርሃን ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ትመጣለች፣ ትመጣለች። መጋዙ ወቅቱን ሙሉ ቤት ተቀመጠ።

ያን ቀን ማታ ወንድሜ እራት አልበላም። ሁሌ እንደዚያ ነበር፣ ነገር ሲያሳስበው ምግብ ይተዋል። በማግስቱ ጠዋት ካቻቢቴ አንስቼ፣ "ጋሼ፣ ሳትሰበር እንንቀላት" አልኩት። "ከሌለች ሰንሰለቱን የሚይዘው የለም፤ በላስቲክ ጠቅልለን እናስቀምጣት። መጋዙን መሸጥ የመጣ ቀን አዲስ ሆና ትወጣለች።"

መጋዙን ወደ እሱ ሳብ አደረገው። "ይቺ ለምን ተሠራች?"

"ቅርንጫፍ እጅ እንዳይመታ ነው።"

"ከመጋዙ ጋር የመጣው መጽሐፍ ነው ያለው?"

"አዎ" አልኩት።

መጽሐፉ እንደዚያ አይልም። ያን ጊዜ እንግሊዝኛውን ሁሉ አልተረዳሁትም ነበር፤ ሥዕሉን ግን አይቼዋለሁ። የላማው ጫፍ ግንድ ነክቶ መጋዙ ወደ ሰውየው ፊት ሲዘል ያሳያል። በሰውየው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ከሥሩ ደግሞ የእጁ ጀርባ መከላከያዋን ሲገፋት፣ ሰንሰለቱም ሲቆም የሚያሳይ ሌላ ሥዕል ነበር። አይቼ ገጹን ገለጥኩት። ለምን እንደገለጥኩት ለራሴ ብዙ ጊዜ ልመልስ ሞክሬያለሁ። ምናልባት ያ መጋዝ የእኔ ምርጫ ስለነበር ነው። የእኔ ምርጫ ወቅት ሙሉ ቤት ሲቀመጥ ማየት አልፈለግሁም።

ወንድሜ ጥቂት አሰበ። ከዚያ መጋዙን ወደ እኔ ገፋው። "እሺ ተማሪው።"

መከላከያዋን ነቀልኳት። በላስቲክ ጠቀለልኳት፤ ብሎኖቿን በወረቀት ቋጥሬ ከመጽሐፉ ጋር ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩ። ወንድሜ ካርቶኑን ወስዶ ከአልጋው ስር አስገባው።

ነገሩ ተወራ። ወንድሜ የነቀለውን ሌላው የማይነቅልበት ምክንያት የለም። እሱ ዕቃ ያውቃላ። በወሩ ከጎረቤላ እስከ ታች ቆላው ጫፍ ድረስ አረንጓዴ መጋዝ ያለው ሁሉ መከላከያውን ነቅሎ በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ማንም "ተማሪው ነው ያለው" አላለም። ብልሃቱ የወንድሜ ሆነ።

የሞተበትን ቀን ባጭሩ ልጻፈው፤ በረጅሙ አልችልም። ጠዋት ነው። ጉም ነበር። እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ፣ አጣና ወደ መንገዱ እየጎተትኩ ነበር። የሚቆርጠው ዛፍ ዱሮ የአጥር ሽቦ ታስሮበት፣ ግንዱ ሽቦውን ውጦ ያደገ ነበር። ከላይ ሆኜ ድምፁን እሰማለሁ። ወፍሮ ሲሄድ ቆየ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኸና ቀጠነ። ቀጥኖ ቀረ። ዛፍ የማይቆርጥ መጋዝ ድምፅ ነው። ሽንት ሊሸና ቆሞ ይሆናል አልኩ። ሁለት አጣና ጎተትኩ። ሁለት። ድምፁ ቦታውን አለመቀየሩን ሳስተውል ነው የወረድኩት።

መጋዙ መሬት ላይ ተቀምጦ ለብቻው ይሠራ ነበር። እሱ አጠገቡ ነበር። አንገቱ ሥር ነው የመታው። ሰው ጠርቼ በቃሬዛ ተሸክመነው፣ መንገድ ሳንደርስ አለፈ።

ልቅሶው ላይ ሰው ሁሉ መጋዙን ሰደበ። ርካሽ ዕቃ በላው አሉ። ያ ሱቅ ልጅ ጨረሰ አሉ። አንዱ ሽማግሌ እኔን አቅፈው፣ "አንተማ ምን ታደርግ ልጄ፣ ዕቃው ነው" አሉኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሰው ሐዘን መሰለው። ሐዘንም ነበር። ግን ዝም ያልኩት ለሐዘን ብቻ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። መጋዙን ማንም አልነካውም፤ ጎተራው ጥግ በጆንያ ተሸፍኖ ተቀመጠ። እኔ ከሌሎች ቆራጮች ጋር በቀን ሥራ ገባሁ። የሁሉም መጋዝ አረንጓዴ ነው፤ የሁሉም መጋዝ ፊት መከላከያ የሌለው ባዶ ነው። ድምፁ በቀጠነ ቁጥር አጣናውን ጥዬ ወደ ታች አያለሁ። "ምን አየህ ተማሪው?" ይሉኛል። ምንም እላለሁ።

በዚህ ዓመት፣ መስከረም ካለፈ በኋላ፣ የወንድሜ የልብ ጓደኛ መጣ። ሞተር ሳይመጣ በፊት ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው በአንድ የእጅ መጋዝ ዛፍ ይጥሉ ነበር።

"መጋዝ ልገዛ ነው" አለኝ። "አብረኸኝ ሂድ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እሱ ሲመርጥ ስታይ ነው የኖርከው። ካላወቅህም ዝም ብለህ ቁምልኝ፤ ባለሱቁ ተማሪ ይዞ መጣ ብሎ ይፍራኝ።"

ሄድን። በሚኒባሱ ውስጥ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አጣና ዋጋ ሲያወራ ነበር። ኦርጅናሉን ጠየቅን፤ የባሰ ተወድዷል። ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ተሻገርን። ባለሱቁ ያው ነው፤ ትንሽ ወፍሯል። አላወቀኝም።

አፌ ለብቻው፣ "መጀመሪያ መለዋወጫውን አሳየኝ" አለ።

ጓደኛው ዞሮ አየኝ። ሰንሰለት፣ ላማ፣ ካንዴላ ጠየቅሁ። ክዳን ጠየቅሁ። ቀጥሎ የምጠይቀውን ለመጠየቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

"የፊት መከላከያስ?"

"ሞልቷል" ብሎ ከግድግዳው ላይ አንድ ዘለላ አወረደ። በሽቦ ተሰክተው፣ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ውስጥ፣ ተንጠልጥለው ኖረዋል። "አቧራ እየበላት ነው እንጂ ማን ይገዛታል። በዚያን ጊዜ ሰው ሲነዘንዘኝ ብዙ አስመጣሁ። ከመጣች በኋላ ግን ከእናንተ አገር አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። እናንተ ጋ አትሰበርም እንዴ?"

"አትሰበርም" አለ ጓደኛው እየሳቀ። "ብልሃት አለን።"

ዋጋዋን ነገረን። ደብረ ብርሃን አንድ ምሳ የምንበላበት ያህል አይሆንም።

የቀረውን እንደ ወንድሜ አደረግሁ። አንጠለጠልኩት። ብሎን ፈትቼ አሰርኩ። ገመዱን ቀስ ብዬ ስስብ ዓይኔ ለብቻው ተጨፈነ፤ አየሩ እጄን መልሶ ሲገፋው የሆነ ሰው ከወዲያኛው ጫፍ የያዘው መሰለኝ። ለቀቅሁት።

"ሞተሩ ደህና ነው" አልኩ።

ጓደኛው ከፈለ። ገና ከሱቁ ሳንወጣ ከባንኮኒው ላይ ካቻቢቴ አነሳና መጋዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ይቺን ልንቀላት ነዋ። መኪና ላይ እንዳትሰበር።" ጫፉን ብሎኑ ላይ አሳረፈ። "ነፍሱን ይማረውና ይቺ የወንድምህ ብልሃት ናት። ስንቱን አዳነች መሰለህ።"

እጄን ብሎኑ ላይ አደረግሁ። ካቻቢቴው አውራ ጣቴን ቧጠጠኝ።

"የሱ አይደለችም" አልኩት።

"ምኗ?"

"እሱ ለምን ተሠራች ብሎ ጠይቆኛል። መጽሐፉ ላይ አይቼው ነበር። ዋሸሁት። የነቀልኳት እኔ ነኝ።" ባለሱቁም ሰማ። ሥዕሉን አስረዳሁ። መጋዙ ሲዘል እጅ የሚገፋው እሷን እንደሆነ፣ እሷ ስትገፋ ሰንሰለቱ እንደሚቆም ነገርኩት። "ዕቃው አይደለም የገደለው" አልኩ።

ጓደኛው ካቻቢቴውን ቦታው መለሰ። መጋዙን እንጂ እኔን አላየም።

"እኔም ቆሜ ስትነቀል አይቻለሁ" አለ በመጨረሻ። "የሌላውን መጋዝ። የሁለት ሰው ነቅያለሁ በእጄ።" ከዚያ፣ "ለሚስቱ ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ዛሬ ንገራት። ነገ እኔ ነኝ የምነግራት።"

መጋዙን ከነመከላከያዋ ይዘን ወደ ጎረቤላ ተሳፈርን።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የወንድሜ ሚስት ደጅ ላይ የሽሮ ክክ ትለቅም ነበር።

"እትዬ፣ ከአልጋሽ ስር አንድ ካርቶን ላወጣ ነው።"

"የምን ካርቶን?"

አወጣሁት። ላስቲኩን ቀደድኩት። መከላከያዋ ጭረት የላትም፣ አዲስ ናት። እፊቷ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ለጓደኛው ከነገርኩት በላይ ነገርኳት፤ ገጹን ስገልጥ ሳይቀር።

አላለቀሰችም። "በምተኛበት አልጋ ስር?" አለች።

"አዎ።"

"ሁለት ዓመት?"

"አዎ።"

ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው። "እንዴት እንደምትሠራ አሳየኝ።"

መጋዙን ከጎተራው ጥግ አወጣሁ። የቆየውን ቤንዚን ደፋሁ፣ ካንዴላውን ፈትቼ ጠረግሁ፣ ከጎረቤት ቤንዚን ለምኜ ዘይት ቀላቅዬ ሞላሁ። መከላከያዋን በራሷ ብሎኖች አሰርኳት። ብሎኑ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። አምስተኛ ጊዜ ገመዱን ስስብ ሁለት ጊዜ አሳለና ተነሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ድምፅ እኛው ግቢ ውስጥ ነበር። ቀና አላለችም። ሰንሰለቱን እያየች ነበር። ነዳጅ ሰጥቼ ሰንሰለቱ ሲበርር በእጄ ጀርባ መከላከያዋን ገፋኋት። ቀጭ አለች። ሞተሩ እየጮኸ ሰንሰለቱ ቆመ። እንደ ዓይን ጥቅሻ ነው።

"ድገመው" አለች።

ደገምኩት።

"ድገመው።"

ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። በመጨረሻ፣ "አጥፋው" አለች። አጠፋሁት።

"ይቺ ኖራ ቢሆን ይተርፍ ነበር?"

"አላውቅም፣ እትዬ። ምናልባት።"

ሰፌዷን አንስታ ገባች።

ከዚያ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ አላናገረችኝም። ምግቤን ታቀርባለች፤ ልብሴን ታጥባለች፤ ስሜን አትጠራም። ልሂድ አልኩ፣ ልብሴንም በጆንያ አሰርኩ፤ ግን አልሄድኩም። ጓደኛው የራሱን መጋዝ ከነመከላከያዋ ይዞ ሲቆርጥ አየሁ። ሌሎቹ እየሳቁበት ነበር። "አዲስ ሙሽራ፣ ሚዜዋን ይዛ መጣች" አሉት። ለምን እንዳልነቀላት እነሱ አልጠየቁም፤ እሱም አልተናገረም። እንድናገር የሚጠብቀው እኔን ነበር። እኔ እሷን እጠብቅ ነበር።

ትናንት ጠዋት ጉም ወረደ። ከማዶው ጋራ መጋዝ ተነሳ። ሁለት ጊዜ አሳለ፣ ቀጠነ፣ ወፈረ። እሷ ውሃ እየቀዳች ነበር። ጣሳውን እንደያዘች ቀና አለች። በዚህ ጊዜ ግን ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

"የዚያኛው ሰው መጋዝ መከላከያዋ አለችው?" አለችኝ።

"የለችውም ይሆናል። ከጋሼ ጓደኛ በቀር ማንም የለውም።"

"እንግዲያው ምን ትጎለታለህ? የወንድምህን መጋዝ ያዝና ሂድ። ለእኔ እንዳሳየኸኝ አሳየው።"

"ማን ነቀላት ቢለኝስ?"

"ንገረው" አለች።

መጋዙን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ጉሙ ውስጥ መንገዱ አይታይም ነበር። በድምፁ ሄድኩ።